ለእናቴ የሠራኋት የሙዚቃ ሣጥን

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን፤ ብቻ ሰው እንዳታስተኛ» ብለው ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ድልድይና ስለ ባንክ ሲስተም ነገሩን። እኔ የማወራው ስለ አንዲት የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጧ ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ ሥራዋ ሙዚቃ ማጫወት ብቻ ነው። የሠራኋት ለእናቴ ነው። የሠራኋትም ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዋ አልሆነችም። ዛሬ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት የመጀመሪያዋ ለምን እንዳልሆነች ነው።

በእኛ ጊዜ ዶርም የኖረ ሰው ካሴት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ለስምንት ሰው አንድ ቴፕ ነበረችን። ባትሪ እንዳንጨርስ ካሴቱን ወደ ኋላ የምንመልሰው ቢክ እስክሪብቶ ሰክተን በማሽከርከር ነበር። ቴፗ ክሩን ስትበላው ደግሞ ቀስ ብለን ጎትተን፣ በጣታችን አቃንተን እንመልሰዋለን። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ፤ የዚያ ዶርም ሰዎች አላችሁ ማለት ነው።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በቡፌዋ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ 140 ያህል ካሴቶች አሏት። የጥላሁን ገሠሠ አለ፣ የብዙነሽ በቀለ አለ፣ የማሕሙድ አሕመድ አለ፣ የካሳ ተሰማ ክራር፣ የዓለሙ አጋ በገና አለ። ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም ያልተጻፈባቸው፣ ቤት ውስጥ የተቀዱ ናቸው። በዐቢይ ጾም በገናውን ታወጣለች፤ ፋሲካ ሲያልፍ ዘፈኑ ይመለሳል። ማንበብ ትችላለች፤ ነገር ግን ዓይኗ ስለደከመ ካሴቶቹን የምትለያቸው በሽፋናቸው ቀለም ነው። «ያን ሰማያዊውን አምጣልኝ» ስትል የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ቴፗ ስትበላሽ ጠጋኝ ቤት ወሰድናት። ላስቲኳ ላልቷል፣ ሄዷም አልቋል፣ መለዋወጫ ደግሞ የለም ተባልን። እኔም ስማርት ስልክ ገዛሁና ዘፈን ሞልቼ ሰጠኋት። አልሆነም። ስክሪኑ ይጠፋል፤ ሲበራ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። የአረጋዊ ደረቅ ጣት ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ዘፈኑ መሃል ላይ ሰው ይደውላል። «ይሄማ ስልክ ነው እኮ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ብዙ ሥራ የሚሠራ ዕቃ አንዱን ሥራ ለሌላው ሲል ያቋርጠዋል። እሷ የፈለገችው ቴፕ ነው፤ ቴፕ ደግሞ ሥራው አንድ ነው።

ያኔ ነው ራዝቤሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር ያሰብኩት። ለማታውቋት፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበች፣ መጀመሪያ የታሰበችውም ለልጆች ኮምፒውተር ማስተማሪያ እንድትሆን ነው። ርዝመቷ 85 ሚሊሜትር፣ ስፋቷ 56 ሚሊሜትር ነው፤ በመዳፍ ላይ ትቀመጣለች። የምትሠራው በሊነክስ ነው። እኔ የተጠቀምኩባት ሞዴል ሃርድ ዲስክ የላትም፤ ሲስተሙም ፋይሉም ያለው ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ይህቺን ካርድ አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያዋን ሣጥን በሁለት ቅዳሜ ጨረስኳት። ኤምፒዲ የሚባለውን ነፃ የሙዚቃ ማጫወቻ ሶፍትዌር ጫንኩ፣ ከኢንተርኔት ያገኘኋቸውን ዘፈኖች ሞላሁ፣ ከኮምፒውተሯ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ስፒከር ገመድ ዘረጋሁ፣ ቤት ውስጥ የነበረ የስልክ ቻርጀር ሰካሁባት። ዘፈን የሚመረጠው ከስልክ ላይ ነው። ለእህቴ ልጅ አሳየሁትና «አንተ ትመርጥላታለህ» አልኩት። በጣም ኮርቼ ነበር። ሥራ ቦታም ፎቶዋን አሳይቻለሁ።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ስደውል «ሣጥኗ እንዴት ናት?» እላለሁ፤ «ደኅና ናት፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ» ትለኛለች።

ለፋሲካ ስሄድ ሣጥኗ ዳንቴል ለብሳ፣ ላይዋ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦባት አገኘኋት። 

«እማዬ፣ ለምን አትከፍቻትም?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ «አቧራ ስወለውል የሆነ ነገር ነክቼ ይሆናል። ካቆመች ቆየች» አለችኝ።

«መቼ ነው ያቆመችው?»

«ከጥምቀት በኋላ ነው መሰለኝ። ገንዘብህን ያወጣህበትን ዕቃ አበላሸሁት ብዬ እንዴት ልንገርህ?»

ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ሦስት ወር ያህል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ አልነበረም። የጾሙን በገናም አልሰማችም። ከዚያ የከፋው ደግሞ በየሳምንቱ በስልክ «ደኅና ናት» እያለች ጥፋቱን በራሷ ላይ ይዛ መቆየቷ ነው። እሷ ምንም አልነካችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጠፋሁ ደግሞ እዚህ ያላችሁ መሐንዲሶች ካሁኑ ገብቷችኋል።

መሐንዲስ ላልሆናችሁ ልንገራችሁ። አንድ ኮምፒውተር ሙዚቃ ብቻ ቢያጫውትም ከበስተጀርባ ዘወትር ይጽፋል፤ ይሄን ሠራሁ፣ ይሄን ከፈትኩ እያለ መዝገብ ይይዛል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቡ። የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ማውጫ እያደሰ ነው። ግማሹን እንደጻፈ መብራት ጠፋ፣ እሱም እዚያው ብዕሩን ጥሎ ወጣ። በነጋታው የሚመጣው ሰው ፋይሎቹ ሁሉ ቢኖሩም ማውጫው ስለተበላሸ አንዱንም አያገኝም። በዚያች ሚሞሪ ካርድ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ኮምፒውተሯ ስትነሣ የራሷን ሲስተም ማግኘት አቃታት። መብራት እንደሚጠፋ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን የሠራኋት መብራት እንደማይጠፋ አድርጌ ነበር።

በዚያው ምሽት ደብተር አውጥቼ ሦስት ነገር ጻፍኩ። አንደኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሣጥኗ ማንም ሳይነካት ራሷ ትነሣ። ሁለተኛ፣ ስክሪን፣ ስልክ፣ ኢንተርኔት አያስፈልጋት። ሦስተኛ፣ እናቴ ልታደርገው የምትችለው ምንም ነገር አያበላሻት። ሦስተኛውን ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ፤ መጀመሪያ መጻፍ የነበረበት እሱ ነው።

አሁን ሁለተኛዋን እንዴት እንደሠራሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። መሥራት ለሚፈልግ ይጠቅመዋል።

ከኃይሉ ልጀምር። እኔ የያዝኳት ራዝቤሪ ፓይ 3 ስትሆን 5 ቮልት 2.5 አምፔር የሚሰጥ ኃይል መስጫ ትፈልጋለች። ብዙ የስልክ ቻርጀሮች ያን ያህል አይሰጡም፤ ሥራ ሲበዛባት ቮልቱ ይወርዳል፣ እሷም ትንገዳገዳለች። ስለዚህ ለሷ የተሠራውን መስጫ ገዛሁ።

ቀጥሎ ካርዷ ነው። የራዝቤሪ ፓይ ሲስተም «ኦቨርሌይ» የሚባል አማራጭ አለው። እሱን ስታበሩት ካርዱ ለማንበብ ብቻ ይሆናል። ኮምፒውተሯ መጻፍ የምትፈልገውን ሁሉ በራም ላይ ትጽፋለች፤ መብራት ሲጠፋ የጻፈችው አብሮ ይጠፋል፣ ካርዱ ግን እንዳለ ይቆያል። በነሣች ቁጥር አዲስ እንደተሠራች ሆና ትነሣለች። ለብዙ ሥራ ይሄ ጉድለት ነው፤ ለእናቴ ሣጥን ግን የምፈልገው እሱን ነው። ዘፈኖቹን የያዘውንም ክፍል እንዲሁ ለማንበብ ብቻ አደረግሁት።

ሦስተኛው ድምፁ ነው። ከኮምፒውተሯ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ ሹክሹክታ አለበት፤ ያ ቀዳዳ ለጥሩ ሙዚቃ የታሰበ አይደለም። መፍትሔው ዳክ የሚባል ትንሽ ሰሌዳ ነው። በኮምፒውተሯ 40 እግሮች ላይ ይሰካል፤ ቁጥሩን ተቀብሎ ንጹሕ የድምፅ ሞገድ ያደርገዋል። ከዚያ ወደ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ ሁለት ስፒከር። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻዋ እንደ ድሮ ሬዲዮ በእጅ የሚዞር ነው።

አራተኛው የአመራረጡ ነገር ነው። ብዙ ያስቸገረኝም እሱ ነበር። ዓይኗ የደከመ ሰው፣ ያለ ስክሪን፣ ከ140 ካሴት አንዱን እንዴት ይመርጣል? መልሱ ቡፌው ውስጥ ነበር። እሷ እኮ መምረጥ ታውቃለች፤ በሽፋኑ ቀለም ነው የምትመርጠው። ስለዚህ ካሴቶቹን ማስወገዱን ተውኩትና በእያንዳንዱ የካሴት ቤት ጀርባ ላይ አንዳንድ ተለጣፊ ምልክት ለጠፍኩ። ምልክቷ ባትሪ የላትም፤ አንባቢው ሲቀርባት የራሷን ቁጥር በሬዲዮ ሞገድ ትናገራለች። በመሥሪያ ቤት በር ላይ ጠጋ የምታደርጉት መታወቂያ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። አንባቢውን ከሣጥኗ ክዳን ሥር ደበቅሁት፤ ቀጭን እንጨት አያግደውም። ካሴቱን ክዳኑ ላይ ስታስቀምጪው ይዘፍናል፤ ስታነሺው ይቆማል። በቃ። ለእናቴ ይህን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ይህን ዘዴ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ለትንንሽ ልጆች ሙዚቃ ማጫወቻ የሚሠሩ ሰዎች ሲጠቀሙበት አይቼ ነው የወሰድኩት።

ታዲያ አሁን የራሷ ካሴቶች መቀዳት አለባቸው። ከኢንተርኔት የሞላሁላት ብዙው ሌላ ቅጂ ነበር፤ እሷ ደግሞ ካሴቷን በቃሏ ታውቀዋለች። የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ አንዱ ጎን የት ላይ እንደሚያልቅ ሳይቀር።

በካሴት ቀረጻ ላይ አቋራጭ የለም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ክሩ በሄዱ ፊት የሚያልፈው በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው፤ ከዚያ ብታፈጥኑት ድምፁ ይቀጥናል። ደኅና የካሴት ማጫወቻ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ሄዱን በአልኮል አጸዳሁ። ከሄዱ አጠገብ ትንሽ ቡሎን አለች፤ የሄዱን አቀማመጥ ታስተካክላለች። አንድ ካሴት ድምፁ ታፍኖ ከተሰማችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ሳይሆን የሄዱ መዛነፍ ነው፤ ቡሎኗን በጣም በጥቂቱ ስታዞሩ ጽናጽሉ ተመልሶ ይመጣል። ከመቅዳታችሁ በፊት በካሴቱ አናት ላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች መሰበራቸውን እዩ፤ ካልተሰበሩ ስበሯቸው፣ በስህተት ላዩ ላይ እንዳይቀዳበት።

ሒሳብ ለምትወዱ፦ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 16 ቢት፣ ሁለት ቻናል። አንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ፍላክ በሚባለው ምንም ድምፅ በማይጥል አጨማመቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በአማካይ አንድ ሰዓት ብናደርጋቸው 140 ካሴት ወደ 45 ጊጋባይት ነው፤ 64 ጊጋባይት ካርድ ይበቃዋል። ከሥራ መልስ በየምሽቱ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት እየቀዳሁ ወራት ፈጀብኝ። ባለቤቴ «ቤታችን ሙዚቃ ቤት ሆነ» ትለኝ ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ጥፋቴን ልናዘዝ። ምንም ካልተጻፈባቸው ካሴቶች አንዱ የአባቴ ድምፅ ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ውጭ አገር ለነበረው ወንድሙ፣ ያኔ ሰዉ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ደብዳቤ በካሴት ሊልክለት ቀድቶ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ እንጃ፣ ሳይላክ ቤት የቀረ ነው። እኔም ጥሩ ልጅ ልሁን ብዬ በላፕቶፕ አስተካከልኩት። ሹክሹክታውን ቀነስኩ። መጀመሪያው ላይ ወደ አንድ ደቂቃ የሚሆን ወንበር መንቋቋት፣ ሳልና ጫጫታ ነበረው፤ ቆርጬ ጣልኩት። «የተከበርክ ወንድሜ» ብሎ ከሚጀምርበት አስጀመርኩት።

እናቴ ሰማችና፣ «መጀመሪያው የት ሄደ?» አለችኝ።

«የቱ መጀመሪያ?»

«ጀመረ ወይ? ቀይዋ በርታለች ወይ? እያልኩ የምጠይቀው ነዋ።»

አዲስ አበባ ተመልሼ ያልተነካውን ቅጂ ከፈትኩ። እውነትም ከወንበሩ ድምፅ ሥር የሷ ድምፅ አለ፤ ወጣት ነው፣ ሳቅ ሳቅ ይለዋል። አባቴም «ዝም በይ እንጂ፣ እየቀዳ ነው» ይላታል። እኔ ጫጫታ ብዬ የጣልኩት እሱን ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳልነካ ማስቀመጤ አዳነኝ እንጂ፣ ያ ካሴት ዳግም ስንት ጊዜ እንደሚያጫውት አላውቅም። እንደነበረ መለስኩላት፤ ሹክሹክታውንም ጭምር። ምክሬ ይኸው ነው፦ የምታደርጉትን ማስተካከያ ሁሉ በቅጂው ላይ አድርጉ፤ ከክሩ የወጣውን ግን እንዳለ አስቀምጡት። የትኛው ድምፅ እንደሆነ ትርጉም ያለው የሚያውቀው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሣጥኗ እንከን የላትም አልልም። እናቴ አንድ ቅሬታ አላት። «የድሮው ካሴት እኮ ከቆመበት ነበር የሚቀጥለው፤ ያንተው ሁልጊዜ ከመጀመሪያ ይጀምራል» ትላለች። እውነቷን ነው። ካርዷ እንዳይጻፍባት ስላደረግሁ፣ የት ላይ እንደቆመች የምትመዘግብበት የላትም። ማስተካከያ አለው፤ የቆመችበትን ብቻ የምትጽፍባት ትንሽ ፍላሽ መጨመር ይቻላል፤ ፍላሿ ብትበላሽም ዘፈኑ አይነካም። በሚቀጥለው ስሄድ ይዤላት እሄዳለሁ። ቀንና ሰዓትም አታውቅም፤ እሱን ግን ማንም አልጠየቃትም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ያን ሁሉ ካሴት ቀድተህ ከሆነ ለእኛም በፍላሽ ስጠን» ብለውኝ ነበር። አልሰጠሁም። ቅር ያላችሁም እዚህ አላችሁ፣ አያችኋለሁ። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ለግል መገልገያ መቅዳትንና ለሰው ማደልን ለያይቶ ነው የሚያየው። ከአዋጁም ባሻገር፣ ከያኒያኑም ወራሾቻቸውም የሰው እንጀራ ነው የሚበሉት። አሠራሩን ግን ለሚፈልግ ሁሉ አሳያለሁ።

ባለፈው ጊዜ ስሄድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን፣ ሰማያዊው ካሴት ክዳኑ ላይ ሆኖ እየዘፈነ መብራት ጠፋ። ዝም አለች። እናቴ ምንም አላለችም፤ ሁለተኛውን ቀዳች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት መጣ። እኔ ልቤ እየመታ ሣጥኗን አያለሁ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዘፈኑ ጀመረ። ቀና ብዬ እናቴን ባያት፣ ሲኒ እያጠበች ነው፤ ዞራም አላየቻትም። እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ሆናለች። እኔ በሙያዬ ከሠራኋቸው ነገሮች ያን ቀን ያህል የተደሰትኩበት ጥቂት ነው።

ላብቃ። ሁለት ነገር ልለምናችሁ።

የቀድሞ ተማሪዎች፣ በእናት በአባታችሁ ቤት፣ በቡፌ ውስጥ ወይም በአልጋ ሥር ካሴት ካለ ዘንድሮ አውጡት። ክሩ እያረጀ ነው፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። መጀመሪያ ምንም ያልተጻፈባቸውን ቅዱ። የታወቀ ዘፋኝ ካሴት ምናልባት ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ የተቀዳው ግን ያ አንዱ ብቻ ነው።

ለመምህሮቻችን ደግሞ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲቀርብላችሁ ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፤ እኔንም እዚህ አዳራሽ አልበን ጠይቃችሁኛል። ከእንግዲህ አንድ ጨምሩበት። ተማሪው እያብራራ ሳለ ሶኬቱን ንቀሉት። ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩትና ተማሪው ሳይነካው የሚሆነውን ተመልከቱ። እኔን ያኔ እንደዚያ ብታደርጉኝ ኖሮ፣ እናቴ ለሦስት ወር «ደኅና ናት» አትለኝም ነበር።